ለሽምግልና ያሳደግኩት ትምባሆ

ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ሆኖም በዕድሜዬ ሙሉ በገዛ እጄ ዘርቼ፣ ኮትኩቼና መግቤ ለወግ ያበቃሁት ተክል ቢኖር ትምባሆ ብቻ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃሪያ እንኳ አብቅዬ አላውቅም። ሚስቴ በረንዳ ላይ የደረደረቻቸውን አበቦች እንዳልነካ ከተከለከልኩ ቆይቷል። «አንተ ተክል አታሳድግም፤ ተክል ታስጨንቃለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እኔ ነገር ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም።

ነገሩ የሆነው ሞባይል ስልክ ገና ነጌሌ ሳይገባ ነው። ያን ጊዜ በነጌሌና በሞያሌ መካከል አይሱዙ እነዳ ነበር። ከሳምንቱ አራቱን ቀን መንገድ ላይ፣ ሦስቱን ቀን እናቴ ቤት ነኝ። አባቴ ወታደር ነበር፤ ከጎጃም ተነሥቶ ነጌሌ ጦር ሰፈር ደረሰ። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበትኖ ሰው ሁሉ ወደየአገሩ ሲጓዝ፣ እሱ «እኔ እንደሆነ መንገድ ሰልችቶኛል» ብሎ እዚያው ቀረ። እሱ ካረፈ በኋላ ከጦር ሰፈሩ አጥር ጀርባ ባለችው ሁለት ክፍል ቤታችን የቀረነው እኔና እናቴ ነን። ሁለታችንም እልኸኞች ነን። አንድ ጊዜ ወጡ ጨው አነሰው አላነሰው በሚል ተጣልተን ሁለት ሳምንት ያለ ጨው በልተናል።

መናኸሪያ ውስጥ ትኬት የምትቆርጥ ልጅ ነበረች። የጭነት መኪና ሾፌር ትኬት ቤት ምን ሥራ አለው? እኔ ግን ነበረኝ። የያቤሎው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ የቦሬው ለምን እንደዘገየ፣ የወደራው ሞልቶ እንደሆነ እየተመላለስኩ እጠይቃለሁ። እየቆየ ተሳፋሪው ሰዓት የሚጠይቀው እኔን ሆነ። አንድ ቀን ከመስኮቷ አጎንብሳ «አንተ ሰውዬ፣ ወዴት መሄድ እንደምትፈልግ ለምን አትናገርም?» አለችኝ።

«ወደ አባትሽ ቤት» አልኳት። ከዚህ የተሻለ ንግግር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

አባቷ ከከተማው ወጣ ብለው ከብት የሚያረቡ ቦረና ናቸው። በእነሱ ወግ ልጅ ልትጠየቅ ሲኬድ ቡናና ትምባሆ ይያዛል። ትምባሆው የሚጨስ አይደለም፤ ሽማግሎቹ የደረቀውን ቅጠል ማጋዶ ከሚባል የአፈር ጨው ጋር ጉንጫቸው ሥር ይዘው የሚያላምጡት ነው። ታምቦ ይሉታል። የልጅቷ አባት ደግሞ በታምቦ ነገር ምላሳቸው የታወቀ ነው። ከእኔ በፊት ከመጡት ጠያቂዎች አንዱን «ይህ የከረመ ነው»፣ ሌላውን «ይህ ጭስ ሸቶታል» ብለው ከነሽማግሎቻቸው መልሰዋቸዋል። አሁን ደግሞ አንድ የወደራ ከብት ነጋዴ ዓይኑን ጥሎባታል።

ልጅቷ ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንደኛ፣ ነጋዴው ሽማግሌ የሚልከው ከበልጉ ዝናብ በኋላ ስለሆነ እኔ መቅደም አለብኝ። ሁለተኛ፣ አባት የሌለው ልጅ ሽማግሌ ሲልክ እናቱ አብራ ካልመጣች፣ አባቷ እንግዶቹን ሰላም ብለው ይሸኛሉ እንጂ ነገራቸውን አይሰሙም።

«ስለዚህ ከገበያ ደህና ታምቦ ፈልግና እናትህን ይዘህ ና» አለችኝ። ይኸው ነው፤ ቀላል ነገር ነበር።

«እኔ ከገበያ አልገዛም» አልኩ። «አበቅላለሁ!»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምላሴ ሁልጊዜ ከእኔ ቀድማ ትደርሳለች። ልጅቷ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ለመሆኑ አንዱን ተክል ከሌላው ለይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። በመኪና የገጨኋቸውን ካልሆነ በቀር አላውቅም ነበር።

እናቴ ዘንድ ያለው ነገር ግን ቀልድ አልነበረም። ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማችው ትምባሆ በአንድ መናፍቅ መቃብር ላይ የበቀለ እርጉም ቅጠል መሆኑን ነው። የመናፍቁን ስም አትጠራም፤ የቅጠሉንም ስም አትጠራም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቤታችን መጥቶ ከሄደ፣ የተቀመጠባትን በርጩማ አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች።

«እማዬ፣ ጓሮ ውስጥ ትንሽ ነገር ልተክል ነው» አልኳት።

«ተመስገን! ሥራ ወደድክ። ምን ልትተክል?»

«ትምባሆ።»

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋዋ አየር ላይ ቀረች። ለማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ልጅቷን አልጠላኋትም። አምጣት፣ እቀበላታለሁ» አለች። «ያንን ነገር አስይዘህ ግን እኔን የትም አትወስደኝም። ጓሮው የአባትህ ነው፤ ከፈለግህ እባብ አርባበት። እኔ አጠገቡም አልደርስ!» ሽንኩርቷን ቀጠለች፤ እንባዋ የሽንኩርቱ ይሁን የእኔ መለየት አልቻልኩም።

ዘሩን ሞያሌ ገበያ ውስጥ ከአንዲት ሴትዮ አገኘሁ። የተቋጠረ ጨርቅ ፈትታ አሳየችኝ፤ ከአሸዋ የደቀቀ ቡናማ ነገር ነው። «ይሄ ዘር ወር አይቆጥርም፤ ክረምት አይጠብቅም። ዕድሜው ሲደርስ በራሱ ጊዜ ያብባል» አለችኝ። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ሙገሳ ወሰድኩት። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እስቲ ደግሜ ልየው ብዬ ስፈታው አስነጠሰኝ፤ ግማሹ ዳሽቦርዱ ላይ ተበተነ።

የቀረውን ይዤ ነጌሌ ስገባ ሁለት አማካሪዎች ተነሡልኝ። አንደኛው ጎረቤታችን ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ናቸው። ሁለተኛው ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው ጉራጌ ናቸው። ሁለቱም ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱልኝ ቃል ስለገቡ ትምባሆው የእነሱም ክብር ጉዳይ ሆነ። ችግሩ ሁለቱ በአንድ ነገር እንኳ ተስማምተው አያውቁም። ሰላምታ ሲለዋወጡ ራሱ አንዱ «እግዜር ይመስገን፣ ሞቋል» ካለ ሌላው «የት ሞቀና!» ይላል።

ሃምሳ አለቃ፣ ተክልም እንደ ምልምል ወታደር በሰዓቱና በልኩ መብላት አለበት ባይ ናቸው። አጥንት አቃጥለው ይወቅጣሉ፤ ከአመድ ጋር ቀላቅለው በብረት ኩባያቸው እየለኩ ያመጣሉ። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ችግኞቹ ፊት ቆመው ይቆጥሯቸዋል። አንድ ቀን «ተነሥ! አንድ ጎድሏል!» ብለው ከአልጋዬ ቀሰቀሱኝ። ዶሮ በልታው ነበር። ዶሮዋን ለሦስት ቀን ዘንቢል ውስጥ አሰሯት።

ባለሱቁ በዚህ ሁሉ ይስቃሉ። «እኛ አገር እንሰት የሚበላው ከጋጣ የተጠረገውን ነው። በኩባያ እየተለካለት የሚበላ ተክል አይቼም ሰምቼም አላውቅ» ይላሉ። የእሳቸው መድኃኒት የፍየል በጠጥ በፍየል ሽንት ጀሪካን ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ሱቃቸው ውስጥ እርጥበት ያበላሸው ስኳር ተጨምሮበት፣ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ የሚቆይ ነው። «ክዳኑን አላልተህ ተወው፤ ይተንፍስ» ብለውኛል። እኔ ግን ኃይሉ ለምን በከንቱ ይወጣል ብዬ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁትና ወደ ሞያሌ ሄድኩ።

ስመለስ እናቴ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጀሪካኑ በነጌሌ ፀሐይ አብጦ አብጦ፣ እሑድ እለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ጫማዋን ስታወልቅ ፈንድቷል። የታጠቡት ነጠላዎቿ ሁሉ ገመድ ላይ ነበሩ። ሃምሳ አለቃ ፍንዳታውን ሲሰሙ በደረታቸው ተኝተው በክርናቸው እየተሳቡ አጥሩ ድረስ መጥተዋል። ከጦር ሰፈሩም ሁለት ወታደሮች ተልከው መጥተው፣ ጓሮውን አይተው፣ አፍንጫቸውን ይዘው ተመልሰዋል።

«መናፍቁ መቃብሩ ውስጥ የለም» አለችኝ እናቴ። «ጓሮዬ ገብቷል።»

ነጠላዎቹን አራት ጊዜ አጠብኳቸው። ሽታው እስከ ጥምቀት አልለቀቀም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በእናቴ ዙሪያ ሰፊ ቦታ ይተው ነበር ይባላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ ትምህርት ይቀስማል። እኔ የራሴን ፈጠራ ጨመርኩበት። ሞያሌ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ሰው የግመል ፍግ ድንጋይ ያበቅላል ብሎ ሲያወራ ሰማሁና አንድ ኬሻ ሞልቼ ጫንኩ። መንገድ ላይ ያለው ኬላ ስደርስ ፈታሹ ኬሻውን ነካ ነካ አደረገና «ምንድነው?» አለኝ።

«የግመል ፍግ።»

«ከየት?»

«ከሞያሌ።»

«የት ሊደርስ?»

«ነጌሌ።»

«ነጌሌ ግመል የለም?»

ሞልቷል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሰብኩትም ነበር። መልስ ሳጣ የፈታሹ ዓይን በራ። በውስጡ አንድ ትልቅ ኮንትሮባንድ እንዳለ እርግጠኛ ሆኖ እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን እስከ ብብቱ አስገባ። ቀኙን ፈለገ፣ ግራውን ፈለገ፣ ታቹን ፈለገ። ክንዱን ሲያወጣ እሱም እኔም ክንዱን አየነው።

«ሰው ለምን ፍግ ያን ያህል መንገድ ይጭናል?» አለኝ በመጨረሻ።

«ሚስት ላገባ።»

«እለፍ» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ መኪናዬን ሲያይ ከሩቅ ገመዱን ያወርድልኛል።

እንግዲህ ችግኞቼ አጥንቱን፣ ፍየሉንና ግመሉን በልተው፣ ሴትዮዋ እንዳለችው በራሳቸው ጊዜ አበቡ። ከጉልበቴ እንኳ ሳያልፉ አበቡ። ሮዝ ሮዝ የሚል ትንንሽ አበባ ነው። ሃምሳ አለቃና ባለሱቁ በማን ምግብ እንደሆነ አንድ ከሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። እኔ አንዱን ዘለላ ቀጥፌ፣ ፀጉሬን አበጥሬ፣ መናኸሪያ ሄጄ በትኬት መስኮቱ አስገባሁላት። ልጅቷ አበባውን አየችና ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከኋላዬ የተሰለፈው የቦሬ ተሳፋሪ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሯት ሳቀ።

«የሚላመጠው እኮ ቅጠሉ ነው! ቶሎ ካበበ ቅጠሉ አያድግም። ሙቀቱ አቻኩሎት ነው። አናቱ ላይ እምቡጥ ስታይ በጥፍርህ ቀንጥሰው» አለችኝ።

«ይህን ሁሉ እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ? አንተ የምትጠይቀኝ የአውቶቡስ ሰዓት ነው።»

ሁለተኛውን ዙር ዳሽቦርዱ ላይ ከተበተነው ዘር ጀመርኩ። በእናቴ የዶሮ ላባ ጠርጌ፣ ከአቧራው ጋር ሰብስቤ ዘራሁት፤ ምግቡ ያው አጥንቱ፣ ፍየሉና ግመሉ ነው፣ የጀሪካኑን ክዳን ብቻ አላላሁ። የበልጉ ዝናብ ሊጥል አራት ወር ያህል ቀርቶታል። ይህኛው ካልሆነ ሌላ ዕድል የለኝም፤ ልጅቷን የወደራው ነጋዴ ይወስዳታል። ቀልዱ አልቆ ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ አስብ ነበር። ጎረቤት ግን አሁንም ሊስቅ በአጥር ላይ ይንጠለጠላል።

በጋው ከረረ። ነጌሌ በዚያ ወራት ውሃ የሚመጣው በአህያ ጋሪ ነው፤ ሰው ፊቱን የታጠበበትን ለእግሩ ያቆያል። እኔ ባለሁባቸው ሦስት ቀናት ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ፤ አራቱን ቀን ግን መንገድ ላይ ነኝ። ነፋሱ በመስኮት እንደ ምድጃ ሲተነፍስብኝ «በቃ፣ ዛሬ አለቀላቸው» እያልኩ እነዳለሁ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። ስመለስ ግን ቀጥ ብለው፣ ቅጠላቸው ሰፍቶ ሰሌን አክሎ ይጠብቁኛል።

«የምግቡ ኃይል ነው!» አልኩ። ደህና የበላ ተክል ውሃ እንደማይፈልግ በየሻይ ቤቱ ለሾፌር ሁሉ አስተማርኩ። አንዱ አምኖኝ የሚስቱን የሎሚ ተክል አደረቀ፤ እስካሁን አያናግረኝም።

«እማዬ፣ ነይ እዪው» እላታለሁ እናቴን።

«ዓይኔን አላረክስም» ትለኛለች። በጓሮው በኩል ያለውን መስኮት እኔ ባለሁበት ከፍታው አታውቅም።

ቅጠሉ ሲደርስ ለቅሜ፣ በሲባጎ ሰክቼ ክፍሌ ጣራ ሥር ሰቀልኩት። አንድ ወር ሙሉ ከሥሩ ተኛሁ። በሕልሜም በእውኔም አስነጥሳለሁ። እናቴ በሬ ላይ የእንጨት መስቀል አንጠለጠለች፤ ለእኔ ይሁን ከእኔ ለመጠበቅ አልጠየቅኳትም። ቅጠሉ ቡናማ ሲሆን ጣዕሙን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ባለሱቁ በአፋቸው አያስገቡም። ሃምሳ አለቃ «ግዳጅ ነው» ብለው አንድ ቅጠል ጎረሱ። ከዚያ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ፤ ስርቅታ ያዛቸው። እስከ ማግስቱ ስርቅ ሲላቸው አደረ። «ኃይለኛ ነው» ብለው ሪፖርት አቀረቡ። እኔም ደስ አለኝ።

የቀረው እናቴ ብቻ ነበረች። ለመንኳት። እግሯ ላይ ወደቅኩ። የማኅበር ጓደኞቿን ላክኩባት። «አልሄድም» አለች፤ ያው ሁለት ሳምንት ያለ ጨው የበላች ሴት ናት። የሽምግልናው ቅዳሜ ሲደርስ ሰማዩ ደመና ጀምሯል። ሃምሳ አለቃ ኒሻናቸውን ደርድረው፣ ባለሱቁ አዲስ ኮፍያ አድርገው ጋቢና ገቡ። ያለ እናት እንደማይሰሙን እያወቅኩ ቡናውን ጭኜ ትምባሆውን በጨርቅ ጠቀለልኩ። ወሽመጤ ተቆርጧል። ሞተሩን ሳስነሣ የጋቢናው በር ተከፈተ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች።

«ያንን ነገር ከኋላ ጫነው» አለችኝ።

ሃምሳ አለቃና ባለሱቁም ከትምባሆው ጋር ከኋላ ተጫኑ። ለምን ሐሳቧን እንደለወጠች ብጠይቃት ትወርዳለች ብዬ መንገዱን ሁሉ ትንፍሽ አላልኩም።

እንደ ደንቡ ከሆነ ጠያቂው ልጅ አብሮ አይሄድም። እኔ ግን ሾፌሩም ነኝ። ስለዚህ እነሱ ግራሩ ጥላ ሥር ሲቀመጡ እኔ ከግንዱ ወዲያ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ጆሮዬን ግን አላራቅኩትም። የልጅቷ አባት «አካም! ናጋ?» ብለው ተቀበሉን። ስለ ከብቱ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ደመናው ተጠያየቁ። ባለሱቁ ኦሮምኛቸው የሰላ ነውና ነገሩን አሳምረው አቀረቡ። ከዚያ ጥቅሉ ተፈታ።

አባት አንድ ቅጠል አነሡ። አሸተቱት። ፈርፈር አድርገው ከማጋዶው ጋር ጉንጫቸው ሥር አስገቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለእናቴ ብለው በአማርኛ ነበር የሚናገሩት።

«ፍየል አለበት» አሉ።

ባለሱቁ ደረታቸውን ነፉ። አባት ላመጡ።

«አጥንት አለበት።»

ሃምሳ አለቃ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አባት ላመጡ። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ግመል? ግመል ለምን?»

እኔ ከግንዱ ወዲያ ጎንበስ አልኩ።

«ደግሞ ስኳር» አሉና ተፉት። «ይህ ታምቦ ጠግቧል። ታምቦ ትንሽ መራብ አለበት፤ ምላስ የሚይዘው የራበው ነው። ይህን ያሳደገ ሰው ጥጃ ብሰጠው በአንድ ወር በጥጋብ ይገድልብኛል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ሁሉ ወር! ያ ሁሉ ነጠላ፣ ያ ሁሉ ማስነጠስ፣ የዚያ ምስኪን ፈታሽ ክንድ! መጀመሪያ ንዴት ያዘኝ፤ ከዚያ ግን ነገሩ ገባኝ። ልጅቷን አጣኋት። በገዛ ምላሴ፣ በገዛ እጄ አጣኋት። ከገበያ ገዝቼ ብመጣ ኖሮ እኮ ይኼኔ ተስማምተው ነበር።

ሽማግሎቹ ሊነሡ ዱላቸውን ሲፈልጉ አባት አንድ ያልተፈረፈረ ቅጠል አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያዙት። በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዙሪያውን ዳሰሱት።

«ግን ጥም አላየም» አሉ። «በዚህ በጋ ሁለት ቀን ውሃ ያጣ ታምቦ ጠርዙ ይናገራል። ይሄ አንድም ቀን አልተጠማም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ እዚያ መኖሬን ያወቁ አይመስለኝም ነበር። «አንተ ሾፌር አይደለህም እንዴ? ሞያሌ ስትሄድ ማን ነው ያጠጣው?»

«የምግቡ ኃይ...» ብዬ ጀመርኩና አፌን ዘጋሁ። ሃምሳ አለቃን አየኋቸው። እሳቸው ባለሱቁን አዩ።

«እኔ እሳቸው መስለውኝ» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«እኔም እሳቸው መስለውኝ» አሉ ባለሱቁ። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ።

«አኒ» አለች እናቴ።

እኔ ማለቷ ነው፤ ስንት ዓመት ከገበያ የለቀመችው ኦሮምኛ ነው። ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። እሷ መሬቱን እያየች ነበር።

«አንቱ?» አሉ አባት። «ልጄ የነገረችኝ ታምቦ እንደሚጠሉ ነው።»

«እጠላለሁ። እስክሞት እጠላዋለሁ። ለነፍስ አባቴም ተናግሬያለሁ፤ ስግደት አዘውብኝ ጉልበቴ አልቋል።»

«ታዲያ ለምን አጠጡት?»

«ምን ላድርግ? ልጄ አብዷል። ይሄ ቢደርቅበት ሌላ ይዘራል፤ ሌላ ጀሪካን ያፈነዳብኛል።» ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ደግሞስ ግቢዬ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ግቢዬ ውስጥ ያለ ነገር ውሃ ጠምቶት እያየሁ ምን ብዬ እተኛለሁ?»

አባት ወደ እናቴ ቀረብ አሉ። ቅጠሉ እጃቸው ላይ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄም ግቢዎ ልትገባ ነው። ቋንቋዋ ሌላ ነው፤ ወጓ ሌላ ነው። እሷንስ ቢጠሏት?»

እናቴ አላሰበችበትም። «ብጠላትም አትጠማም» አለች።

ከግንዱ ወዲያ ሆኜ አለቀስኩ። ማንም ይየኝ ማን ግድ አልነበረኝም። አራት ቀን፣ አራት ቀን፣ እያንዳንዱን ሳምንት፣ ያንን የምትጸየፈውን ቅጠል በጀሪካን ስታጠጣ ታየኝ። እኔ ደግሞ በየሻይ ቤቱ ስለ ፍየልና ስለ ግመል ሳወራ ነበር። አባት ጥቅሉን እንዳለ ወደ ቤት አስገቡት። «ታምቦው አይረባም» አሏቸው ለባለሱቁ። «ልጄን ግን ለእኚህ ሴት ሰጥቻለሁ።» እኔን ዞረውም አላዩኝ። ሚስቴ እስካሁን ስንጣላ ይህችን ነገር ታነሣብኛለች፤ ለአንተ የሰጠኝ የለም ትለኛለች።

እሷና እናቴ አንድ ግቢ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ሁለቱም አፍ አላቸው፤ በጨው ተጣልተዋል፣ በልጆቹ ፀጉር ተጣልተዋል፣ በሬዲዮ ድምፅ ተጣልተዋል። እናቴ ግን እስክታርፍ ድረስ ሚስቴን «ውሃ ቅጂ» ብላት አታውቅም፤ ጀሪካኑን ራሷ ተሸክማ ትገባለች። ሚስቴም ጠዋት ስትነሣ አልጋዋ አጠገብ በሰሃን የተከደነ አንድ ብርጭቆ ውሃ ታገኝ ነበር፤ የተጣሉ ዕለትም።